«ማንሳት አለበት» ሲል ምን ማለቱ ነው?
የኡኖ ሕግጋት አተረጓጎም በአንድ የበዓል ቤት

አጠቃሎ

የዚህ ጥናት ዓላማ ኡኖ በተባለው የካርታ ጨዋታ ባለ ሁለት ካርታ የተጣለበት ሰው «ሁለት ማንሳት አለበት» የሚለው ድንጋጌ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚተረጎም መመርመር ነው። መረጃው የተሰበሰበው በፋሲካ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ በአክስቴ ሳሎን ነው። የናሙና አመራረጡ አመቺ ንሞናን የተከተለ ሲሆን፣ ከመብላት ብዛት ከመቀመጫው መነሳት ያቃተው ሁሉ ተካቷል። ተሳታፊዎቹ አምስት ናቸው፦ አክስቴ፣ ከፍርድ ቤት ሬጅስትራርነት በጡረታ የተገለሉት ታላቅ ወንድማቸው አጎቴ፣ ካርታውን ከሲልቨር ስፕሪንግ ይዛ የመጣችው የአክስቴ ልጅ፣ የእሷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እንዲሁም አጥኚው።

የጥናቱ ዳራ

ኡኖን እ.ኤ.አ. በ1971 የፈጠሩት በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ሬዲንግ በምትባል ከተማ ፀጉር አስተካካይ የነበሩት መርል ሮቢንስ ናቸው። እንደሚተረከው፣ ነገሩ የተነሳው ከልጃቸው ጋር በ«ክሬዚ ኤይትስ» ሕግ ላይ ስላልተስማሙ ነው፤ ይኸውም የእኛ ሰፈር «ክሬዚ» ብሎ የሚጫወተው የካርታ ጨዋታ ዘመድ ነው። ሌላ አባት ቢሆን ካርታውን ሰብስቦ «ተነስ ወደ ጥናትህ» ይል ነበር። እሳቸው ግን አዲስ ጨዋታ ፈጠሩ፤ ቤተሰቡም ስምንት ሺህ ዶላር ያህል አሰባስቦ 5,000 እሽግ አሳተመ። ስለዚህ ኡኖ የሕግ ክርክር እንዲቀር ታስቦ የተሠራ ዕቃ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ታሳቢ በማድረግ ይነበብ።

ክለሳ ድርሳናት

በዘርፉ በብዛት የሚጠቀሰው የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ጋርፊልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ያበቃው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘው የካርታ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ገና በሙከራ ላይ ሳለ አንድ ካርታ ተጋጣሚ ቀጣዩን ተራ «ሉዝ» ያደርጋል ይል ነበር። ይህ የእንግሊዝኛ ግስ ማጣትንም መሸነፍንም ይሸከማል። ጋርፊልድ ተጋጣሚው ተራው ይለፈው ማለቱ ነበር፤ አንድ ሞካሪ ግን በሚቀጥለው ተራ ተሸንፎ ያልቅለታል ብሎ አነበበና የማይረታ ካርታ እንደያዘ አወጀ። ካርታው «ታይም ዎክ» ተብሎ ሲታተም ቃሉ «ከዚህኛው ቀጥሎ አንድ ተጨማሪ ተራ ውሰድ» ሆኖ ተስተካከለ። ዛሬ የዚህ ጨዋታ ሙሉ ደንብ ወደ ሦስት መቶ ገጽ ይጠጋል።

አማርኛ ማጣትንና መሸነፍን በሁለት ግስ ስለለያቸው ይህ መከራ አይደርስብንም። የእኛ መከራ «አለበት» ላይ ይጀምራል።

ግኝት

በአቦል ላይ የአክስቴ ልጅ ለእናቷ ባለ ሁለት ጣለች። አክስቴ አላነሱም፤ በላዩ የራሳቸውን ባለ ሁለት ደርበው «አራቱን ለጋሼ አሻግሬያለሁ» አሉ። አጎቴ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወረቀቱ እንዲቀርብ አዘዙ። ወረቀቱ ብዙ ቦታ የታጠፈ፣ በብዙ ቋንቋ የተጻፈና አማርኛ የሌለበት ነው። ልጁ በስልክ መብራት እያየ ተረጎመው፦ የሚቀጥለው ተጫዋች ሁለት ካርታ ማንሳት አለበት፣ ተራውም ያልፈዋል። ድንጋጌው ወዲያው አንድምታ ወጣለት።

«ማንሳት አለበት»፦ አለማንሳት አይቻለውም ሲል ነው። (አጎቴ፣ አራት ካርታ የተደቀነባቸው።)

አንድም፦ የሚያሻግረው ያጣ ማንሳት አለበት፤ ያለው ግን ያሻግራል፤ ደርቦ አይጣል የሚል የለምና። (አክስቴ፣ ካርታ የደረቡት።)

አንድም፦ ማንሳት ያለበት እንግዳ ነው፤ ባለቤት በገዛ ቤቱ አያነሳምና። (ራሳቸው፣ ሁለተኛው እንዳልተወደደ ሲያዩ።)

አጎቴ መደረብ ክልክል ነው ብለው ወሰኑ፤ አክስቴም አነሱ። ቶና ሲቀዳ ግን ባለ ሁለት በአጎቴ ላይ ተጣለ። እሳቸውም ቡናቸውን ፉት ብለው፣ አንድ ባለ ሁለት ከእጃቸው መዘው ደረቡበት።

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ክልክል ነው ብለው ፈርደውብኛል!»

«ያ በጉዳዩ ልዩ ባሕርይ ላይ የተመሠረተ ነበር፤ አንቺ ልጅ።»

ጉዳዩ በይግባኝ በረካ ላይ ደረሰ። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት፣ የሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም ገዢ ነው። እኛም አምስት ነበርን። አምስቱም ዳኞች ተከራካሪዎች መሆናቸው እንደ ጉድለት አልታየም። የአክስቴ ልጅ ስልኳን አውጥታ፣ የጨዋታው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2019 አራት የሚያስነሳው ባለ አራት የተጣለበት ሰው በላዩ ባለ ሁለት ደርቦ ማሻገር እንደማይችል በይፋ መናገሩን አስረዳች። (ባለ ሁለቷን ጥላ የጨረሰችው ከዚያ በፊት መሆኑ በመዝገብ ይያዝ።) አክስቴ «እሱ ይሽጥ፤ የምንጫወተው እኛ ነን» አሉ። በዚያው ዓመት ብዙ የባሕር ማዶ ተጫዋቾችም አሳታሚውን በገዛ ጨዋታው ሕግ ስለሞገቱት፣ አቋማቸው ዓለም አቀፍ ድጋፍ አለው።

ልጁ ከመነሻው ወረቀቱ ግልጽ ነው ሲል ነበር፤ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ተብሎ ዝም ተሰኝቷል። እስከ በረካ ግን እሱም አንድ ባለ ሁለት ስላነሳ ወረቀቱን ጥሎ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወገነ። መደረብ ሦስት ለሁለት ጸደቀ። ደጋፊዎቹ ሦስቱም ባለ ሁለት ይዘዋል፤ ተቃዋሚዎቹ፣ የአክስቴ ልጅና እኔ፣ አልያዝንም። ስለዚህ ድንጋጌ የሚተረጎመው ከወረቀት ላይ ሳይሆን ከእጅ ላይ ነው።

ሕግ አውጪው ይህን ሳይጠረጥር አልቀረም። ባለ አራት የሚጣለው በሜዳው ቀለም የሚጣል ካርታ ሲጠፋ ብቻ ነው፤ የተጠራጠረ ተቀጪ ጣዩን «እጅህን አሳየኝ» ሊለው ይችላል። የዋሸ ራሱ አራት ያነሳል፤ በከንቱ የጠረጠረ ግን ስድስት። በአክስቴ ቤት ይህ አንቀጽ ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም። ታላቅን «እጅዎን ያሳዩኝ» ማለት በስድስት ካርታ የሚታለፍ ጥፋት አይደለም።

የጥናቱ ውስንነት

ጨዋታው ሲያበቃ ካርታው ተቆጠረ። 108 መሆን የነበረበት 107 ሆነ። በማግስቱ ቄጠማው ሲጠረግ አንድ አረንጓዴ ባለ ሁለት አጥኚው ተቀምጦበት ከነበረው በርጩማ ሥር ተገኝቷል። አጥኚው ድምፅ ሲሰጥ ካርታው ከእጁ ወድቆ ስለነበር፣ መደረብን መቃወሙ ከጥናቱ ግኝት ጋር ሙሉ በሙሉ ይስማማል።