ሞተሯ ከኋላ ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ብቸኝነት ያስቸገረው ሰው ካለ አሮጌ ቮልስ ይግዛ። ሌላ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ክላክሱን እያስጮኸ፣ ሲብስም እየተሳደበ ያልፈዋል። ቮልስ ስትቆም ግን ሰፈሩ ነቅሎ ይወጣል። ኮፈኗን ከፍቼ ጎንበስ ከማለቴ አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ተደግፎ አብሮኝ ያያል። "ካንዴላዋን አይተሃታል?" ይለኛል፤ ሰላምታ የለ፣ ማን ነህ የለ። ሁለተኛው ደርሶ "የምን ካንዴላ! ፑንቲና ነው እንጂ" ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም በሐዘኔታ አይቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ አጎቱ ቮልስ ነበራቸው፣ ስለዚህ ከእሱ በላይ ተናጋሪ የለም።

የእኔዋ በ1965 እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 1200 ናት። ስትወጣ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ ከፈረሶቹ ስንቱ ዛሬም በሕይወት እንዳለ እግዜር ይወቅ። የሸጡልኝ ጡረተኛ ሊብሬውን ከማስረከባቸው በፊት ግራ ቀኙን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ጃንሆይን የወሰደችው ቮልስ የት እንደገባች የሚያውቅ የለም" አሉኝ። ከዚያ ዝም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው በቮልስ መወሰዳቸውን የማያውቅ የለም። ቀለሟን ግን አንዱ አረንጓዴ፣ ሌላው ሰማያዊ ይላታል። የእኔዋ ነጭ ናት። "ቀለም ይቀየራል" አሉ ሰውዬው፣ እኔ ትንፍሽ ሳልል። ዋጋው ላይ ያስጨመሩኝ ለመኪናዋ ሳይሆን ለዚያች ዝምታ ይመስለኛል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኋላውን ወንበር ባየሁ ቁጥር የሚገርመኝ ነገር አለ፦ ባለ ሁለት በር ስለሆነች ኋላ የሚቀመጥ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ የፊቱን ወንበር አጥፎ፣ ወገቡን ሰብሮ ነው የሚገባው።

ወደ ረዳቶቼ ልመለስ። ገና ከሩቅ የሚመጣው ረዳት የሚከፍተው የፊቱን ኮፈን ነው። እዚያ መለዋወጫ ጎማና የቤንዚን ታንክ ያገኛል። ያን ጊዜ ያቺ ቀልድ ትመጣለች፤ "ሞተሯን ሰርቀውሃል!" ቀልዷ ከመኪናዋ እኩል አርጅታለች፣ ግን እያንዳንዱ ሰው አሁን የፈጠራት ያህል ይስቅባታል። እኔም ከልቤ እስቃለሁ። መግፊያ የሚሆነኝን ሰው ቀልዱን ንቄ ላጣው አልፈልግም።

ቀጥሎ የውሃው ሰው ይመጣል። ሃይላንድ ይዞ ነው የሚመጣው፣ በደግነት። "ግላብህ ነው፣ ውሃ ጨምርላት።" ውሃ የላትም እለዋለሁ። "ታዲያ ጨምርላት!" የሚጨመርበት ቦታ የላትም፤ ራዲያተር የሚባል ነገር አልተፈጠረላትም፣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው በቺንጊያ የሚዞር ማራገቢያ ነው ብዬ አስረዳለሁ። ሰውዬው ፊቴን ትኩር ብሎ ያየኛል። በኋላ ለጓደኛው ሲያወራ የምሰማው፣ "አይ፣ ልጁ ስለ መኪና ምንም አያውቅም" ሲል ነው።

የሚኒባስ ሹፌሩ ከሁሉም አደገኛ ነው፤ ምክር ትቶ ገመድ ይዞ ይመጣል። ባትሪ ለባትሪ አገናኝቶ ሊያስነሳልኝ ይፈልጋል። የእሱ ባለ 12 ቮልት፣ የእኔዋ ባለ 6 ናት። "ስድስት ነው!" እያልኩ ፊቱ ላይ እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ። "ስድስት የሚባል ባትሪ የለም" ይላል፣ እያነጣጠረ። ደግነቱ ባትሪዋ ኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ እስኪያገኘው ድረስ ተሳፋሪዎቹ ጮኸው ይጠሩታል። በመጨረሻ የሚሠራው ያው የጥንቱ መላ ነው፦ ማርሽ ሁለት፣ ፍሪሲዮን መርገጥ፣ ከኋላ ሰፈሩ፣ ከፊት ቁልቁለት። ይህች ከተማ ከቁልቁለት አላሳነሰችንም።

እውነተኛው ሐኪም ግን ሌላ ነው። ጋሼ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከቮልስ ሌላ ነክተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራ ላይ የሚቀመጡት ባዶ ጀሪካን ላይ ነው። መጀመሪያ የሄድኩላቸው ቀን ሕዝብ የነገረኝን ሁሉ ደረደርኩላቸው፤ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ካርቡራተር፣ ዲናሞ። "ጨረስክ?" አሉኝ። ጨርሻለሁ። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን በሁለት ጣት አነሱት። ከሥሩ ሁለት ጥቃቅን የብረት ምላሶች አሉ፤ አንደኛው ጫፉ ላይ ጠቁሮ ጉብ ብሏል። በብርጭቆ ወረቀት አሸት አሸት አደረጉት፣ እፍ አሉበት፣ ቺንጊያውን በእጃቸው እየጎተቱ ምላሶቹ እስኪለያዩ ድረስ ሞተሩን አዞሩት። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው ያልወጣለት ሎተሪ አውጥተው አጠፉና በመሃላቸው ሰካ አደረጉት።

"0.4 ሚሊ ሜትር ነው የሚፈለገው" አሉ።

"ሎተሪው?"

"ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ።"

"ምናልባት የወጣለት ቢሆንስ፣ ጋሼ?"

"ቢወጣልኝማ እዚህ ታገኘኛለህ?" ካቻቢቴውን አንዴ ጠበቅ አደረጉና ክዳኑን መለሱት። ተነሳች። አብሮኝ የመጣው የካንዴላው ሰው ጎኔን ነካ አድርጎ፣ "አላልኩህም?" አለኝ።

የጋሼ እርዳታ ዋጋ አለው፤ ዋጋው ገንዘቡ አይደለም፣ ትምህርቱ ነው። የቫልቮቹ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ በረዶ ሲሆን ብቻ ስለሆነ መኪናዋ እሳቸው ዘንድ ታድራለች፣ እኔ ደግሞ በማለዳ ጎናቸው ቁጢጥ እላለሁ። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተኝተዋል፤ እሳት የሚያገኙት በአንድ፣ አራት፣ ሦስት፣ ሁለት ተራ ነው። ይህን በቃሌ ሳልወጣ ሻይ አይጠጣም። ሦስተኛዋን ግን ለይተው ያዝኑላታል። የዘይት ማቀዝቀዣው ከማራገቢያው የሚመጣላትን ንፋስ ስለሚከልልባት የእንጀራ ልጅ ናት፤ ከሁሉ በፊት የምትግለው፣ ከሁሉ በፊት ቫልቭ የምታቃጥለው እሷ ናት። አሁን አሁን ዳገት ላይ ስሆን ሳላስበው "አይዞሽ፣ ሦስተኛ" እላለሁ። ጎኔ ሰው ካለ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል።

ጋሼ ዕቃ ሲሉኝ ሶማሌ ተራ ነው የምሄደው። እዚያ የቮልስ ዕቃ የለም የሚልህ የለም፤ ቆይ፣ ተቀመጥ፣ ቡና ጠጣ ይሉሃል፣ አንድ ልጅ ይሮጣል። ነገሩ ተስፋ የማያስቆርጠው ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራች መኪና ስለሆነች ነው። ጀርመን ከተዋት በኋላ እንኳ ብራዚልና ሜክሲኮ መሥራታቸውን ቀጥለው ነበር፤ የመጨረሻዋ ፑዬብላ፣ ሜክሲኮ ውስጥ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ነጋዴው "ጀርመን ነው ብራዚል?" ሲል ልቤ ይሞላል። ዋጋውን ከሰማሁ በኋላ ልጁ ወደ ሮጠበት አቅጣጫ ማየት እጀምራለሁ፤ ምናልባት ዕቃውን ለማምጣት የሄደው ከሌላ ሰው ቮልስ ላይ ፈትቶ እንዳይሆን።

ጎረቤቴ በዚህ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለከል ኤሌክትሪክ ገዛ፤ ድምፅ የለ፣ ጭስ የለ፣ መሃሏ ላይ ቴሌቪዥን የሚያህል ስክሪን። አንድ ቀን በራችን ላይ ደርቃ ቀረች። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ወጣ። ኮፈኑ ተከፈተ። የካንዴላው ሰው ጎንበስ አለ፣ አየ፣ ቀና አለ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገረው አጣ። "እንግፋ?" አለ አንዱ በደከመ ድምፅ። ጎረቤቴ "አይገፋም!" ብሎ ስልኩን ያዘ። ሰው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ትንሽ ቆመና አንድ በአንድ ተበተነ። ሲያሳዝን! እኔን ሰባት ሰው ሲገፋኝ የሚስቅ ሰው ያን ምሽት ብቻውን ቆሞ ሙዚቃ እየሰማ ስልክ ላይ ሲጠብቅ አመሸ።

ከረዳቶቼ ሁሉ ያልጠበቅኳት አክስቴ ናት። ለሠርግ ስንሄድ እቴቴ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ኋላ ተቀመጠች። ሦስቱም በምግብ የማይታሙ ናቸው። ባትሪዋ ወንበሩ ሥር ነው ብያለሁ፤ የወንበሩ ስፕሪንግ ክብደት ሲበዛበት ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ይነካል። ጉድጓድ ውስጥ ዘፍ ስንል ቀጭን ጭስ ከቀሚሶቹ መሃል ተነሳ። "ገብርኤል!" አለች እቴቴ። ሦስቱ ሴቶች ከዚያች ጠባብ በር በምን ፍጥነት እንደወጡ አላየሁም፤ እኔ የፊቱን ወንበር አጥፌ ሳልጨርስ አስፋልት ላይ ነበሩ። ከወንበሩ ጭድ በስተቀር የተቃጠለ የለም። እቴቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ወዲያው ፍርዱን ሰጠች። ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣ መልአክ እኛንም አወጣን፣ እኛም ሦስት ነን፣ ስለዚህ ጃንጥላ ተስያለሁ፤ የምትገዛው አንተ ነህ።

ጋሼ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ ቆርጠው ባትሪው ላይ አለበሱበት፤ "ከእንግዲህ ዝሆን ይቀመጥበት" አሉ። የጃንጥላው ዋጋ ከላስቲኩ በብዙ እጥፍ በለጠ። መቼም መልአክ እንደ ሜካኒክ አይከራከሩትም። ለሰፈራችን ገብርኤል ላስገባ ስል እቴቴ ቆጣ አለች።

"ለቁልቢው ነው የተሳልኩት።"

"እሺ፣ በአውቶቡስ እልክሻለሁ።"

"ያዳነን ከዚህችው መኪና ነው። የምንሄደውም በዚህችው ነው።"

እንዲከለክሉልኝ ጋሼ ዘንድ ሮጥኩ። ተስፋ ያደረግኩትን ሁሉ ተናገሩ። ካርቡራተሯ የተስተካከለው ለአዲስ አበባ 2,400 ሜትር ከፍታ ነው፤ አዋሽ ወደ 1,000 ሜትር ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሳታል፣ ሙቀቱ ሲጨመርበት ሦስተኛዋ አትችለውም። ከዚያ ደግሞ የጨርጨር ዳገት አለ። መንገዱ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ መመለሻውን ሳይጨምር።

"ስለዚህ አትችልም ልበላት?" አልኩ፣ ደስታዬን ደብቄ።

"ማን አለ?" ጀሪካናቸው ላይ ተመቻቹ። "አዋሽ ላይ ቆመን ካርቡራተሩን እንነካካዋለን፣ በሌሊት ነው የምንነዳው። ታኅሣሥ 19 መቼ ነው የሚውለው? እኔም የቆየ ስለት አለብኝ።"

እቴቴ ጋቢናውን ይዣለሁ ብላለች። ለጋሼ ከኋላ ሰፊ ቦታ እንዳለ ነገርኳቸው፤ "እዚያማ እኔ አልቀመጥም" አሉ፣ ላስቲኩን የቆረጡት ራሳቸው ሆነው ሳለ።