ከዐሥር ስንት?

ቅዱስ ያሬድ ለማኅሌቱ ሁሉ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉ 3 የዜማ ስልቶች በቅተውት ሳለ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሳሎን ተሰብስበው የየራሳቸውን ተወዳጅ ዘፈን በየተራ እያሰሙ ከ10 ነጥብ የሚሰጣጡት ወዳጆቼ ግን በግማሽ ነጥብ ተካስሰው ቡናው በረካ እስኪደርስ አይታረቁም።

የጉባኤው ሥርዓት እጅግ የከበረ ነው። ባለተራው ዘፈኑን ከከፈተ በኋላ ሙዚቃውን ትቶ የአድማጮቹን ቅንድብ ይመረምራል፤ መግቢያው ሳያልቅ ስልኩን የነካካ ቢኖር፣ የራሱ ተራ ሲደርስ 4 ተቀብሎ ፍዳውን ይከፍላል። ከመካከላቸው አንዱ፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ማሳተም ከጀመረው ሸክላ በቀር ጆሮው የማይከፈት፣ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ፣ ካሴቱንም ጨምሮ፣ እንደ ኑፋቄ የሚቆጥር ነው። (የሸክላ ማጫወቻ እንደሌለው የምናውቅ እናውቃለን።) ሌላው፣ ሙላቱ አስታጥቄን በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም የተዋወቀ ወጣት፣ በጎልማሳነታቸው ሙላቱን ፊት ለፊት ሲጫወት ላዩ አዛውንት የኢትዮ ጃዝን ምሥጢር እንደ አንድምታ መምህር ያብራራላቸዋል፤ እሳቸውም በትዕግሥት አዳምጠው ለማብራሪያው 6 ይሰጡታል።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ በምን ተአምር እንደሆነ እንጃ፣ ለአንድ ትዝታ ሁሉም በአንድ ቃል 10 ሰጡ። አቅራቢው ግን፣ ሁሉ የወደደው ዘፈን የእሱን ጆሮ ልዩነት የማያስመሰክር ሆኖ ስላገኘው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ዘፈን መስማት ተወ።