አያ ቁራ ያወጀው ዘመን

ተረት ተረት። የላም በረት።

በሰሜን ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ በሚባለው ሰፈር፣ ፔጅ ግሪን ላይ ሰባት ዛፎች ክብ ሠርተው ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ የሚጠራው በእነርሱ ስም ነው። በቅርንጫፎቻቸው ላይ ቁራ፣ ርግብና ድንቢጥ ጎጆ ሠርተዋል፤ ከሥራቸው ሽኮኮ ለክረምት የሚሆናትን ፍሬ ትቀብራለች። አብረው ይኑሩ እንጂ ሰላም አልነበራቸውም። የርግቦች ቅድመ አያት የድንቢጦችን ቅድመ አያት ከቅርንጫፍ ገፍታ ጣለቻት ተብሎ፣ የልጅ ልጆቻቸው በጎሪጥ ይተያያሉ። በዚያ ዓመት ደግሞ በሚያዝያ ወር አያ ቁራ ከእመት ድንቢጥ ጎጆ አራት እንቁላል ወስዶ በላ።

በነሐሴ መጨረሻ እመት ድንቢጥ ከሰሰችው። በችሎቱ ቀን አያ ቁራ ከሁሉም ቀድሞ ደረሰና ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ተናገረ።

«ወገኖቼ፣ የሚያባላን ምንድን ነው? ትናንት ነው! ስለዚህ ዛሬ አንደኛ ዓመት፣ አንደኛ ወር፣ አንደኛ ቀን ይሁን። ከዛሬ በፊት የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ይቆጠር። ታሪክ ከዛሬ ይጀምር!»

ንግግሩ ብዙዎችን ነካ። ወጣቷ ርግብ ዕንባዋ መጣ፤ ባልተወለደችበት ዘመን የተጫረ ጠብ ስትወርስ መኖር ታክቷት ነበር። ዛፎቹም ከጥላቸው ሥር የሚሰሙት ጭቅጭቅ አሰልችቷቸው ስለነበር በቅጠላቸው አጨበጨቡ። አዲሱ ዘመን ታወጀ።

በማግስቱ እመት ድንቢጥ «የእንቁላሎቼ ነገርስ?» ብላ መጣች።

«መቼ ተወሰዱ?»

«በሚያዝያ።»

«ዘመናችን ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሚያዝያ የሚባል አላየም» ተብላ ተመለሰች። ሽኮኮም አምና የቀበረችውን ስትቆፍር «ከአንደኛው ዓመት በፊት የተቀበረ ነገር ባለቤት የለውም» ብለው ነጠቋት። ርግቦችና ድንቢጦች በጠባቸው መካከል እንኳ የሚያከብሩት አንድ ስምምነት ነበራቸው፤ በብርድ ጊዜ ፀሐይ የሚያገኘውን ቅርንጫፍ በተራ ይሞቁበት ነበር። ያም ቀረ። ጠቡ ሲሻር ዕርቁም አብሮ ተሻረ።

በሰባተኛው ቀን ከሊ ወንዝ በኩል አንድ ግዙፍ የባሕር ወፍ መጥቶ የአያ ቁራን ጎጆ ያዘ።

«ተነሥ! አምስት ዓመት የኖርኩበት ቤቴ ነው» አለ ቁራ።

«ዘመናችሁ ሰባት ቀኑ ነው፤ አምስቱን ዓመት ከየት አመጣኸው? ለማንኛውም፣ ከዛሬ ጀምሮ ዘመኑ የእኔ ነው። አንደኛ ዓመት፣ አንደኛ ወር፣ አንደኛ ቀን!»

ዕለቱ ጳጉሜ 1 ነበር። በዚያ ሰፈር ለሚኖሩ የአገሯ ልጆች የአዲስ ዓመት ሰላምታ ይዛ የመጣች የመስቀል ወፍ ይህን ሁሉ ሰማች።

«ይህን ነገር አውቀዋለሁ» አለች። «ፈረንሳዮች ንጉሣቸውን ሽረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1792 ጀምሮ ዘመኑ 1 ይባል አሉ። እንደ እኛው ባለ 30 ቀን አሥራ ሁለት ወርና በመጨረሻው ላይ 5 ወይም 6 ቀን አበጁ። ሳምንቱን ግን አሥር ቀን አደረጉትና ሠራተኛው ዕረፍቱ ራቀበት። ናፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1806 መባቻ አስቀረው። በእኔም አገር ተሞክሯል። ፋሺስቶች ዘመን የሚቆጥሩት ሮም ከገቡበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ነበር፤ አዲስ አበባን ሲይዙም ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ግቢ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓመታቸው አንድ ደረጃ እየጨመሩ መወጣጫ ሠሩ። ኢትዮጵያውያን ነፃ ሲወጡ ደረጃውን አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳን አስቀመጡበት። የሚያልፍ ሁሉ ወረራውንም ድሉንም በአንድነት ያያል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ደርግ የድልን በዓል ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፤ ተከታዩ መንግሥት መልሶ ሚያዝያ 27 አደረገው። የራሱን መጀመሪያ የሁሉ መጀመሪያ የሚያደርግ ገዢ፣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው እርሱን መሻሪያ ያስተምረዋል።»

ይህን ጊዜ እማማ መሬት ከሥር ተናገረች። «ልጆቼ፣ እናንተስ ማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1732 ሰባቱ እኅቶች የሚባሉት ኤልም ዛፎች ነበሩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሌሎች ተተኩ፤ ቦታቸውም ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ አለ። እናንተን ሆርንቢሞቹን እ.ኤ.አ. በ1997 የተከሏችሁ፣ ሰባት ሰባት እኅትማማቾች ያሏቸው አምስት ቤተሰቦች ናቸው። ዛፉ ተለውጧል፣ ዘሩም ተለውጧል፤ ያለፉትን ስም ስለወረሳችሁ ግን ማንም ባዳ አላላችሁም። በቀደሙት ኤልሞች መካከል አንድ የዋልነት ዛፍ ነበር። የቶተንሃሙ ቄስ ዊሊያም ቤድዌል በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስለ እርሱ ሲጽፍ፣ ይለመልማል እንጂ አያድግም ብሏል። በቦታው ስለ እምነቱ የተቃጠለ ሰው አለ ይባል ነበር፤ ስሙን ግን የሚያውቅ አልተገኘም። ስሙ የጠፋ በደል እንዲህ ነው፤ በላዩ የበቀለውን አያሳድግም።»

ዛፎቹ ይህን ሲሰሙ በግንዳቸው ውስጥ ያለውን የዓመታት ቀለበት ቆጠሩ። «አያ ቁራ በእኛ ላይ አምስት ዓመት ኖሯል» ብለው መሰከሩለት፤ የባሕሩ ወፍም ምስክር ሲበዛበት ለቆ ሄደ። አያ ቁራ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት ግን ዛፎቹ ምስክርነታቸውን ቀጠሉ። «በአምስተኛው ዓመት፣ በሚያዝያ፣ አራት እንቁላል ወስዷል።» ጎጆውን ያስመለሰለት ቆጠራ በደሉንም አስቆጠረበት። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መካድ አልቻለም።

ወጣቷ ርግብ ግን አዘነች። «ታዲያ ከአያቶቻችን ጠብ መቼ ልንወጣ ነው?»

«ወጪውማ አለ፣ እኅቴ» አለች የመስቀል ወፍ። «በእኛ አገር ወደ መስከረም የሚገባው በጳጉሜ በኩል ነው። 5 ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። ሰው ጠበል ይጠመቃል፤ ጳጉሜ 3፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ልጆች በዝናቡ ይታጠባሉ። መስከረም 1 ሁሉም አዲስ ይሆናል፤ ዓመቱ ግን ባለፈው ላይ አንድ ይጨምራል እንጂ ወደ አንድ አይመለስም። እናንተም አሁን ጳጉሜ ላይ ናችሁ፤ ተጠቀሙባት።»

በእነዚያ ቀናት አያ ቁራ በአደባባይ «እኔ ነኝ የወሰድኩት» አለ፤ በሚቀጥለው ሚያዝያ የእመት ድንቢጥን ጎጆ ሊጠብቅም ዋስ ጠራ። የሽኮኮ ፍሬ ተመለሰ። ርግቦች ቅድመ አያታቸው ያደረገችውን በስሟ ጠርተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ድንቢጦችም ይቅር አሉ። ወጣቷ ርግብ ከውርስ ጠቧ የተላቀቀችው ያን ቀን ነው።

እኛም በአገር ቤትም ሆነ በስደት «ታሪክ ከእኛ ይጀምር» የሚል ድምፅ በሰማን ቁጥር፣ ተናጋሪው ማን ምን እንደወሰደበት ወይም እርሱ ከማን ምን እንደወሰደ እንጠይቅ። አዲስ ዘመን መሻት መልካም ነው፤ የደከመው ሕዝብ መብትም ነው። ነገር ግን የተበደለው ስሙ ሳይጠራ፣ የተወሰደው ሳይመለስ የሚታወጅ መስከረም ለወሳጁ ብቻ ነው የሚጠባው። ለሁላችን እንዲጠባ ከፈለግን፣ አስቀድመን በጳጉሜ እንለፍ።