በእግሩ የሄደ ይፈር!

ፉሪ በተባለው ሰፈር ሰው ወደ አርባ ሲጠጋ ቦርጭ ይሾማል። ሹመቱ በደብዳቤ አይደርስም። መጀመሪያ የሱሪው ቁልፍ በምስጢር ይነግረዋል፤ ቀጥሎ ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ይጠይቃል፤ በመጨረሻ ጎረቤት ያጸድቀዋል። «ኧረ ሰውየው! አማረብህ! ተመችቶሃል!» ይባላል። ተሿሚውም እጃቸውን ሹመቱ ላይ አሳርፈው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። ከዚያች ዕለት ጀምሮ «አንተ» የሚላቸው እየቀነሰ፣ «እርስዎ» የሚላቸው እየበዛ ይሄዳል። በየደረሱበት ቦርጫቸው ቀድሞ ይገባል፤ እሳቸው ይከተላሉ።

ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ለእኚህ ክቡር ሰው ጥብቅና ለመቆም ነው። ሰሞኑን ሐኪሙ፣ የሬዲዮ ጤና አዘጋጁ፣ ከውጭ ለእረፍት የመጣ ዘመድ ሁሉ ተነሥቶባቸዋል። «ቀንስ!» ይሏቸዋል። ሹመትን ቀንስ ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? አባቶችስ «ከወፈሩ ሰው አይፈሩ» ብለው ነገሩን ዘግተውት አልነበረም? ደግሞም መክሳት ቀላል መሰላቸው እንዴ! አምስት ኪሎ የቀነሰ ሰው ዕድር ላይ ብቅ ቢል ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቃለን። «ምነው? አሞህ ነበር እንዴ? ቤት ሰላም ነው?» ይባላል። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ ሴቶቹ በሚስቱ ባልትና ላይ ምርመራ ይከፍታሉ። ለቤተሰቡ ክብር የሚያስብ ሰው ባይቀንስ ይመረጣል።

ክቡርነታቸው ለከሳሾቻቸው የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ አጭር ነው፦ «ዕድሜ ነው እኮ!» ከሠላሳ አምስት በኋላ ሰውነት ምግብ ማቃጠሉን ይተዋል፤ ውኃ ቢጠጡም ያወፍራል ይላሉ። ጥሩ መከላከያ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እ.ኤ.አ. በ2021 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት መጥቶ አበላሸው። ከ29 አገሮች፣ ከጨቅላ ሕፃን እስከ ዘጠናዎቹ ዕድሜ ድረስ፣ ከ6,400 በላይ ሰዎች ተለኩ። የሰውነት መጠን ታስቦ ሲሰላ፣ ሰው በቀን የሚያቃጥለው ኃይል ከ20 ዓመት እስከ 60 ዓመት ድረስ ያው ሆኖ ተገኘ። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 ወዲያ ነው። ምድጃው አልቀዘቀዘም፤ የሚማገድበት እንጨት ነው የበዛው። ጡንቻም ካልሠሩበት ከሠላሳዎቹ ጀምሮ ይሳሳል፤ ስንፍናን ግን ዕድሜ ብሎ መጥራት ጨዋነት ስለሆነ ይህን እንለፈው።

ጥናቱ ሳያንስ ቀነኒሳ በቀለ ተደረበ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024፣ በ41 ዓመቱ፣ የለንደንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ጨርሶ ሁለተኛ ወጣ። እኩዮቹን ፉሪ ላይ ምን ያህል እንደሚያሳጣቸው ለአፍታ እንኳ አላሰበም። ደግነቱ ክቡርነታቸው ለዚህም መልስ አላቸው፦ «እሱ የበቆጂ ልጅ ነው፤ በደሙ ያለ ነገር ነው።» የሥራ ክፍፍሉ ግልጽ ነው፤ መሮጥ የእነሱ፣ ድራፍት ይዞ ማየት የእኛ። ወርቅ ሲመጣ ደግሞ «ሮጥን፣ አሸነፍን» እንላለን።

የክሱ ሁሉ ሥር ግን ሌላ ቦታ ነው። ክቡርነታቸው በእግራቸው አይሄዱም። እኔ ደግሞ ልክ ናቸው እላለሁ። በዚህ አገር ታላቅ ሰው በእግሩ የሄደው መቼ ነው? መኳንንቱ በበቅሎ ተቀምጠው ሲጓዙ አሽከሩ ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ በእግሩ ያጅብ ነበር። ጌታና ሎሌ የሚለየው እግሩ መሬት በመንካቱና ባለመንካቱ ነበር። በቅሎዋ ቀርታ ቪትዝ መጣች፤ ቪትዝ ያልደረሰው ባጃጅ ይጠራል። ሥርዓቱ አልተነካም። የላላ ነገር ቢኖር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው ሚዛኑን ለመጠበቅ ሲል ወገቡን ያንቀሳቅስ የነበረ መሆኑ ነው፤ ቪትዟ ይህንንም አስቀርታለታለች።

የማያምን ይሞክረው። አንድ እሑድ ጠዋት ከኮብልስቶኑ መንደር ወጥቶ በእግሩ ዳቦ ሊገዛ ይሂድ። የመጀመሪያው ጎረቤት «መኪናው ምን ሆነ?» ይላል። ሁለተኛው መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ና ግባ፣ ላድርስህ!» ይላል፤ እምቢ ቢሉት ይቀየማል። ሦስተኛው ምንም አይልም፤ ማታ ግን ለሚስቱ «ሰውየው መኪናውን ሸጠው መሰለኝ፣ ሥራውም እንዲያ ነው» ብሎ ያዝንለታል። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሣው ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጅቡቲ ይገባል፤ የጣቢያው ጎረቤት ግን ዳቦ ቤት ድረስ ባጃጅ ይደራደራል። ባቡሩ ክብር ስለሌለው ነው።

ይህ ማለት ክቡርነታቸው ለጤናቸው ግድ የላቸውም ማለት አይደለም። እንዲያውም ጂም ተመዝግበዋል። የሦስት ወር በቅድሚያ ለከፈለ ቅናሽ አለ ስለተባሉ የስድስት ወር ከፍለዋል። ቱታው፣ ጫማው፣ ኮዳው፣ የፕሮቲን ዱቄቱ ተሟልቷል። በመኪና ይሄዳሉ፤ ከበሩ የቀረበ ማቆሚያ እስኪያገኙ ሕንፃውን ሁለቴ ይዞራሉ፤ ምክንያቱም ከሩቁ ማቆሚያ መቶ ሜትር መራመድ ሊኖር ነው። ከዚያ ወደ ላይ በአሳንሰር ወጥተው ትሬድሚል ላይ ይቆሙና ሦስት ኪሎ ሜትር ይራመዳሉ። የትም አይደርሱም፤ ግን ይራመዳሉ።

ከትሬድሚሉ ፊት ለፊት ባለው መስታወት የፉሪ ተራራ ይታያል። ከባሕር ወለል በላይ 2,839 ሜትር ነው፤ ሰፈሩን ቁልቁል ያያል። በር የለውም፤ ወርኃዊ ክፍያ አይጠይቅም፤ መብራት ሲጠፋ አይቆምም። ታዲያ ለምን አይወጡትም? ነገሩ ግልጽ ነው፤ ተራራው ደረሰኝ አይሰጥም። በእግር መሄድ ደረሰኝ ሲኖረው ስፖርት ነው፤ ደረሰኝ ከሌለው ድህነት ነው። ጂሙ የሚሸጠው ላብን አይደለም፤ ያንኑ የአሽከሩን እርምጃ ከአሽከርነት ነጻ አድርጎ ነው የሚሸጠው። ዋጋው ቢወደድ አይግረመን።

ደግሞ ብዙውን ቀን ሳይሄዱም ጂሙ ይሠራላቸዋል። «ጂም ጀምሬያለሁ» የምትለው ቃል ብቻዋን ዓመት ታዘልቃለች። ሲሄዱም ቢሆን አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው ስቲም ክፍል ውስጥ ነው፤ ተቀምጦ ማላብ ለሹመት ይመጥናል። ሲወጡ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቀንሶ ያሳያል፤ ኪሎው ውኃ ስለሆነ ሁለት ጠርሙስ አምቦ ሲጠጡ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከዚያማ ሥጋ ቤት ነው፤ «ከስፖርት በኋላ ሰውነት ፕሮቲን ይፈልጋል» ተብሏላ! ቁርጡ በዳጣ፣ ጎድን ጥብሱ በአዋዜ፣ ድራፍቱ በጃምቦ ይቀርባል። ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ መሄድ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ እምብዛም የማይበልጥ ኃይል ነው የሚያቃጥለው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጃምቦ ትሬድሚሉን ይሠርዛል፤ ሁለተኛው የነገውን ይሠርዛል፤ ከሦስተኛው በኋላ ሒሳብ መሥራት ቀርቶ ስለ ጤና ምክር መስጠት ይጀመራል።

መድኃኒቱም ቢሆን ሞልቷል። ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውኃ፣ ከሰዓት ሽፈራው፣ ማታ የፖም ኮምጣጤ፤ በቲክቶክ «ቦርጭ በሁለት ሳምንት ደህና ሰንብት» የሚል ሻይ፤ ከሸሚዝ ሥር የሚታሰር፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር ቀበቶ። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ተቀምጠው ይወሰዳሉ። የጾም ወራትም ተስፋ ይጣልበታል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በሥርዓቱ ለጾመው ነፍስንም ሥጋንም ይገዛል። ክቡርነታቸው ግን ቅቤውን ትተው ዘይቱን እጥፍ ያደርጋሉ፤ ሽሮው ይዋኛል፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ የጾም ኬኩ ይቆረሳል። አንድ ግራም ስብ ከላም ይምጣ ከሱፍ ወደ ዘጠኝ ኪሎ ካሎሪ ነው፤ ጾመኛ ነኝ ብሎ ቅናሽ አያደርግም። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ጠፍቶ የነበረ ኪሎ ካለ ካሣው በአንድ ሳምንት ይከፈላል።

በአደባባይም አይታሙም። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከነቴራውን መልበስ የዜግነት ግዴታ ሆኗል። አሥሩን ኪሎ ሜትር በጭፈራ ያጋምሱታል፤ ፎቶው እስከሚቀጥለው ኅዳር ያገለግላል፤ ከነቴራው መኪና ይወለወልበታል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ላይም ይገኛሉ፤ መንገዱ እስከተዘጋበት ድረስ በመኪና። በኮሪደር ልማት ከተማው መሀል ሰፊ የእግረኛ መንገድ ተሠርቶ የለ? ከፉሪ ተነሥተው በመኪና እዚያ ድረስ ሄደው ዘና ብለው ይራመዳሉ። መራመጃ አገር ተገኘ፤ ትራንስፖርቱ ብቻ ነው ውዱ።

እዚህ ላይ ክቡርነታቸው «ፉሪ ውስጥ የት እንራመድ? መንገዱ ክረምት ጭቃ፣ በጋ አቧራ፤ ንጋት ላይ ውሻው፣ ማታ ጨለማው!» ቢሉኝ አልክዳቸውም፤ እውነት ነው። ታዲያ ይህን እውነት የሚያውቀው ማን ነው? ንጋት ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ኪዳን የሚያደርሱት እናቶች፣ ለሥራ ወደ ጀሞና ወደ ሃይሌ ጋርመንት የሚተሙት የቀን ሠራተኞች፣ ቦርሳቸውን አዝለው ድንጋይ ለድንጋይ የሚዘሉት ተማሪዎች ናቸው። እነሱ ሲናገሩ ወረዳው አይሰማም። ሲናገሩ የሚሰሙት ደግሞ የእግረኛ መንገድ እንደሌለ አላስተዋሉም፤ አስፋልት ይሠራልን ብለው ገንዘብ ሲያዋጡ እንኳ ዳር ለእግረኛ የሚሆን አንድ ሜትር አላሰቡም፤ ያቺ ሜትር ለመኪና ማቆሚያ ትፈለጋለች። ሰፈሩ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ አልፎ ከሸገር ከተማ ይዋሰናል፤ ድንበሩ የት እንደሆነ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ፤ በሁለቱም ወገን የእግረኛ መንገድ ይሠራ ብሎ የተከራከረ ግን አልሰማሁም።

ውጤቱ በቁጥር ይነበባል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች መካከል ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 3 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 8 ሆኑ። በዚሁ በ2008ቱ፣ በገጠር 4 ሲሆኑ በከተማ 21 ናቸው። ገጠሬዋም ዕድሜ ትቆጥራለች፣ ትወልዳለች፣ እንጀራ ትበላለች፤ ግን ገበያም ውኃም በእግሯ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የወንድ ወገብ 94 ሴንቲ ሜትር፣ የሴት 80 ሲያልፍ የስኳርና የልብ ሕመም ሥጋት ይጨምራል ይላል። የሚያዝዘውም በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ እንቅስቃሴ ነው። እርምጃው በቀን ቢካፈል 22 ደቂቃ አይሞላም፤ ዳቦ ቤት ደርሶ መመለስ ማለት ነው። ክቡርነታቸው ግን ለዳቦ ቤቱ ያላወጡትን 22 ደቂቃ ኋላ በየክሊኒኩ ወንበር ላይ፣ ለግፊት ልኬትና ለስኳር ኪኒን ተራ ሲጠብቁ በሰዓታት ይከፍሉታል። ያኔም በመኪና ነው የሚሄዱት፤ ክብር እስከ መጨረሻው ይጠበቃል።

ጠበቃ ነኝና ደንበኞቼን ያለ መፍትሔ አልተዋቸውም። ሐሳቤን ለሚመለከተው ሁሉ አቀርባለሁ። ተራራው ዙሪያውን ይታጠር። በር ላይ ዘብ ይቁም፤ አባል ያልሆነ አይግባ። የመግቢያ ዋጋው ውድ ይሁን፤ ርካሽ ከሆነ ማንም አይመጣም። ደረሰኙ ባለ ማኅተም ይሁን፤ በየመቶ ሜትሩ ለፎቶ የሚሆን መስታወት ይተከል። የቀን ሠራተኛና ተማሪ በዚያ በኩል አቋርጦ እንዳያልፍ ይከልከል፤ በነጻ የሚራመድ ሰው ካዩ ክቡራኑ ይሸማቀቃሉ። ይህ ሁሉ ከተሟላ የፉሪ ጎልማሳ ተራራውን በደስታ እንደሚወጣ አልጠራጠርም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ መኪና ማቆሚያው ጫፉ ላይ ይሁን።