ሳያነቡ የማድነቅ ጥበብ

ሰሞኑን ስላላነበቡት መጽሐፍ፣ ስላላዩት ፊልምና ቴአትር አስተያየት የሚሰጡ ወገኖቻችንን ሊወቅስ የሚነሳ ካለ፣ እኔ ከተወቃሾቹ ጎን ነኝ። ሳያነቡ ማድነቅ በዋዛ የሚገኝ ችሎታ አይደለም። «በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩት» ለማለት ገጽ መግለጥ አያስፈልግም፤ ትንፋሹ ብቻ ይበቃል። ቴአትሩ «ልዩ ነው»፣ ፊልሙ «መታየት ያለበት ነው»፣ ደራሲው «ብዕሩ ይባረክ»። እነዚህ ሐረጎች እንደ እድር ድንኳን ለሰርጉም ለለቅሶውም ይተከላሉ። መጽሐፉ የግጥም ይሁን የንብ እርባታ፣ አድናቂውን አያስቸግረውም።

የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2007 ዓ.ም. ካን ላይ በታየ ጊዜ ጥበቡ ምን ያህል እንደረቀቀ ታይቷል። ፊልሙ ገና አገር ቤት ሳይደርስ አድናቆቱ ቀድሞት ደረሰ። በፊልሙ ውስጥ ያለው ልጅ በጉን ከእርድ ለማዳን ሳምቡሳ እየሠራ መሸጡን ለማወቅ ግን ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ አድናቂ ጊዜ የለውም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ም ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ይኸው ዕጣ አልቀረለትም። የጎጃምን ምድር እንደዚያ አድርጎ የጻፈ መጽሐፍ በየመደርደሪያው በክብር ቆሟል፤ ጉዱ ካሣ በምን ምክንያት «ጉዱ» እንደተባለ ሲጠየቅ ግን ወሬው ወደ አየሩ ሁኔታ ይዞራል።

የሚገርመው፣ በዚህ አገር ጥበብን ከልብ የተከታተሉት ከልካዮቹ ናቸው። የተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ» የአውሬዎች ተረት መስሎ በመድረክ ሲቀርብ፣ መኳንንቱ በአውሬዎቹ ውስጥ ራሳቸውን አዩ፤ ንግሥት ዘውዲቱም ቴአትርን ከለከሉ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ሲሰበሰብ፣ የትኛው ገጸ ባሕርይ የትኛውን ባለሥልጣን እንደሚመስል አንጥረው ያወቁ አንባቢዎች ነበሩት። ደራሲው በማግስቱ ዓመት ደብዛው ጠፋ። ሳንሱር ይመለስ ያለ የለም፤ እግዜር አያምጣው። ግን ወዳጅ ሳይገልጠው የተወውን መጽሐፍ ጠላት መስመር በመስመር ማንበቡ፣ ለወዳጅ ትንሽ ሊያሳፍረው አይገባም?

«ጀማሪን ማበረታታት ነው» የሚል መልስ ይመጣል። እሺ፣ ይበረታታ። ነገር ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የሞተው አጎት ዘጠነኛው ላይ ቡና ሲጠጣ ማንም ካልነገረው፣ ጀማሪው በሁለተኛው መጽሐፉ አያቱንም ያስነሳል። ርቀቱም ይነሳል፤ ብሔራዊ ቴአትር ከእንጅባራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያላየ ሰው ከወሬው ቢቋደስ ምን ነውር አለው? «ሰማሁ» እስካለ ድረስ ምንም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በጆሮው የጠገበ ገበሬ፣ መጽሐፉን ለጌጥ ከገዛው ምሁር ይልቅ አንባቢ ነው። ነውሩ «አየሁ» ማለት ላይ ነው።

እንጅባራ ደግሞ በዚህ ረገድ ጨርሳ ወደ ኋላ የቀረች ከተማ ናት። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በዓሉን ሲያከብር፣ ተመልካቹ አይቶ የመናገር መጥፎ ልማድ አለበት። ሽማግሌው ልጓሙ እንደጠበቀ፣ ጋላቢው ከሶምሶማ ወደ ሽምጥ ሲያልፍ ከኮርቻው ተንሸራቶ እንደሆነ፣ በጉግሱ ጋሻው ዘግይቶ እንደተነሳ ያያል፤ ያየውንም ይናገራል። ለወደቀ ፈረሰኛ «አወዳደቁ ልዩ ነበር» ብሎ የሚያጨበጭብ የለም። ሂስ እንዲህ ባለ ጭካኔ ከቀጠለ ማን ፈረስ ይጭናል? ይጭናሉ እንጂ፤ በየዓመቱ ሜዳው ይሞላል፤ ይህን ለማስረዳት እስካሁን አልቻልኩም። ለማንኛውም በመጽሐፍ ምረቃ ላይ የተካኑ ተናጋሪዎቻችን ለመጪው ጥር ይጋበዙ፤ ጀርባቸውን ለሜዳው ሰጥተው ስለ ግልቢያው ይናገሩ። ፈረሱ ኮርቻውን ብቻ ይዞ ቢመለስም ንግግሩ አስቀድሞ ተጽፏልና የሚሰረዝ ቃል አይኖርም።