ያኔ ቡዳ፣ ዛሬ ሆቢ

ጎበዝ፣ ዘመን ሲገለባበጥ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ በአናቱ ሲተከል ግን አላየሁም። እስቴ ላይ ዕድሜ ልኬን ብረት ስቀጠቅጥ ኖሬ ያተረፍኩት ስም ቡዳ የሚል ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ኢንጂነር የሆነው የልጅ ልጄ ደግሞ የዓመት ፈቃዱን ይዞ እዚህ መካነ ኢየሱስ ይመጣና ከጓሮዬ እሳት አንድዶ፣ ፊቱን በከሰል አጥቁሮ ይውላል። «ምን በደልንህ?» ብለው «አባባ፣ ሆቢዬ ነው» አለኝ። ደመወዙን ወንበር ላይ ተቀምጦ ያገኛል፤ መዝናናት ሲያምረው የእኔን መከራ ይሠራል። የሰፈሩም ሰው አጥር ተደግፎ «እንዴት ያለ ባለሙያ ነው!» ይላል። ያው ሰው ነው፤ አጥሩም ያው ነው። እኔ ስቀጠቅጥ በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ ልጁን በነጠላ ይሸፍን ነበር።

ቡዳነቱ እንኳ ጠቅሞኝ ቢሆን ባልከፋኝ። ቀጥቃጭ ሲመሽ ጅብ ይሆናል ይሉን ነበር። ኧረ እናንተ ሰዎች! ጅብ መሆን የምችል ብሆን ማረሻ ተሸክሜ እስከ ደብረ ታቦር በሁለት እግሬ ለምን እኳትናለሁ? በአራት ሮጬ አልመለስም ነበር? ደግሞ እኮ ሰኔ ሲቃረብ ማረሻው የዶለዶመበት ሁሉ ደጄ ላይ ይሰለፋል። ያን ጊዜ «አያ፣ እንደምን አደሩ» ነው። ማረሻው ተስሎ ከእጁ ሲገባ ስሜም ወደ ድሮው ይመለሳል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ወደ እስቴ በእግሩ የመጣ ይመስለኛል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ገና መንገድ ላይ ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ የሆነው በጋፋት አገር መሆኑ ነው። ጋፋት እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡትን ፈረንጆች «ስብከቱ ይቆየኝ፣ መድፍ ሥሩልኝ» ብለው እዚያ አስቀመጧቸው። ከአገሬው ባለእጅ ጋር ሆነው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አወጡ፤ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል ይባላል። በ1860 ዓ.ም. ያን ጉድ በጋይንት በጨጨሆ አድርገው መቅደላ ያደረሱት በሰው ጉልበት እየጎተቱ ነው፤ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። የጨጨሆን ቁልቁለት በእግሩ የወረደ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የልጅ ልጄ ግን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ከቆመው የመድፉ አምሳያ ስር ፎቶ ተነሥቶ «ቅድመ አያቶቻችን» ይለኛል። ቅድመ አያቶቹማ ወናፍ ሲነፉ ነበር፤ እሱ ወናፌን አይቶ «ኋላ ቀር» አለውና የሚስቱን ፀጉር ማድረቂያ ሰካ!

ወናፍ ሁለት የፍየል ቆዳ ነው። አንዱን ስትጫን ሌላው አየር ይስባል፤ ነፋሱ አይቋረጥም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ክንድ ማድከሙ ነው፤ አንተ ሲደክምህ እሳቱም ልብ ይገዛል። ፀጉር ማድረቂያ ድካም አያውቅም። ከሰሉን ነፍቶ ነፍቶ ብረቱ ርችት መትፋት ጀመረ። ልጁ «አያምርም?» ይለኛል። የሚያምረው ብረቱ ሲቃጠል ነው! እንዲያ የፈነጠቀ ብረት መድኃኒት የለውም፤ የተቃጠለውን ቆርጦ መጣል ብቻ ነው። ደግነቱ መብራት ጠፋና ተገላገልን።

መስፍ ልግዛ ብሎ ደግሞ የፈረንጅ አገር ዋጋ በስልኩ አሳየኝ፤ በሬ ገዝቶ መልስ ይተርፈዋል። የባቡር ሐዲድ ቁራጭ ካገኘህ ይበቃሃል አልኩት። ሐዲዱን ግን አታጋድመው። በቁመቱ አቁመህ ከወፍራም የወይራ ግንድ ውስጥ ቅበረው፤ መዶሻው የሚያርፍበት ክብደቱ በሙሉ ከስር ይሁንለት። ከፍታው እጅህን አንጠልጥለህ ስትጨብጥ ጭብጥህ የሚደርስበት ይሁን። ከዚያ ዝቅ ካለ ወገብህን፣ ከፍ ካለ ትከሻህን ተሰናበት። ስምንት ኪሎ መዶሻም አታንሣ። እሱ ግን ግዙፉን መዶሻ ይዞ ነው ፎቶ የሚነሣው።

ብረት መምረጡንማ አታንሡብኝ። ከሕንፃ የተረፈ ፌሮ ይዞ መጥቶ ቢላዋ ላውጣ ብሎ ሲወግር ዋለ። ፌሮ ቤት ያቆማል እንጂ ስለት አይይዝም፤ ውኃ ብትነክረው ዘይት ብትነክረው ሽንኩርት ሲያይ ይደነዝዛል። ስለት ከፈለግህ የመኪና ባሌስትራ ፈልግ። የወረታ–ወልድያ መንገድ ይመስገንና ነፋስ መውጫ ላይ ባሌስትራው የተሰበረ አይሱዙ አይታጣም። የውኃ ቧንቧ ደግሞ እሳት ውስጥ እንዳትከት ብዬዋለሁ። ያ የሚያብረቀርቀው ልባሱ ዚንክ ነው፤ ነጭ ጭስ ይሆንና ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጥሃል። ወገዳ ድረስ ይህን የማያውቅ ቀጥቃጭ የለም፤ ኢንጂነሩ ግን አሁን ሰማ።

«ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» ይላል ሰው። በየስብሰባው ይህን የሚል ሁሉ የጋለ ብረት ያየ ይመስላችኋል? እስኪ የቱን ያህል የጋለ? ጥቁር ቀይ ሲሆን ብትመታው ይሰነጠቃል። ብርቱካን መስሎ ወደ ቢጫ ሲያደላ ነው መምታት፤ ነጭ ሆኖ ሊፈነጥቅ ሲል ረፍዷል። ይህንንም በጥላ ሆነህ እንጂ በፀሐይ አታየውም፤ ቀትር ላይ የጋለውም ያልጋለውም አንድ ነው። እኔ ይህን ለማወቅ ቅንድቤን ከፍያለሁ። ልጁ ከተበላሸ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ነቅሎ አመጣና «አባባ፣ ብረቱ ማግኔት መሳብ ካቆመ ለመንከር ደርሷል፤ 770 ዲግሪ ግድም ነው» አለኝ። ሳቅሁበት። ዓይኔ ደርሷል ሲለኝ እሱም ማግኔቱን አስጠጋ፤ እውነትም አልያዘውም። ትንሽ ጨምረህ አሙቀውና ንከረው አልኩ፤ ሌላ የምለው አልነበረኝም። ቅንድቤን ማን ይመልስልኛል?

ባሌስትራ በቀዝቃዛ ውኃ ከተነከረ «ቀጭ» ይላል፤ ያ ድምፅ የልፋትህ መርዶ ነው፤ ተሰንጥቋል። ሞቅ ያለ ዘይት ይሻላል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ጭሱ ለሳንባ አይሆንም አልኩትና ልጁ የባለቤቴን የኑግ ዘይት ነጠቀ። በዚህ ዘመን የዘይት ዋጋ! ሴትዮዋ «ቢላዋውን ወጥ አድርጋችሁ ብሉት» ብላ ምሳ ከለከለችን። የተነከረውም ገና አላለቀም፤ እንዳለ ከወደቀ ከሁለት ይሰበራል። ጥቁሩን ፈግፍገህ፣ ዳግም በቀስታ አሙቀህ፣ ላዩ የገለባ ቀለም ሲይዝ ታቆማለህ። የከተማ ሰው በኬክ መጋገሪያ 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሁለት ሰዓት ያቆየዋል አሉ። የኬኩን ጉዳይ ከሚስቱ ጋር ይነጋገር።

አሁን ደግሞ ይህን ሁሉ አዲስ አበባ ወስዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሊተክለው ነው! ጎረቤት እንደኔ ቡዳ ቢለው በስንት ጣዕሙ፤ ፖሊስ ነው የሚጠሩለት። በረንዳው ካልሆነ ቤት ዘግቼ እሠራለሁ አለኝ። እዚህ ላይ ቀልዴን አቆምኩ። ከሰል በተዘጋ ቤት ይገድላል፤ መርዙ ሽታ የለው፣ ድምፅ የለው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ብሎህ በዚያው ትቀራለህ። ዳስ ጥለህ፣ አራት ጎኑን ክፍት ትተህ፣ ውኃ በባልዲ አቅርበህ፣ ናይለን ልብስህን አውልቀህ ጥጥ ለብሰህ ሥራ። ናይለን ፍንጣሪ ሲያርፍበት ቀልጦ ከቆዳ ይጣበቃል። ለዓይንህም መነጽር፤ ቅርፊቱ ሲፈናጠር ኢንጂነር ነው ብሎ አያዝንልህም።

ይኸው ፈቃዱ አለቀና ሄደ። ቢላዋውን በሌዘር ሰገባ ከትቶ ለአለቃው ስጦታ ወሰደው፤ አለቃው ማን ሠራው ቢል የእኔን ስም እንደማይጠራ አውቃለሁ። ለአንዲት ቢላዋ ያነደደው ከሰል የስንት ገበሬ ማረሻ ያስል ነበር! ሰኔ እየመጣ ነው፣ ከጆንያው ስር የቀረኝ ዱቄት ብቻ ነው፣ «አያ፣ እንደምን አደሩ» የሚሉትም ከዛሬ ጀምሮ መሰለፍ ይጀምራሉ። የከሰሉን ገንዘብ በቴሌብር ይላክልኝ ብዬ አስደውያለሁ። «ኔትወርክ የለም» ይለኛል፣ ኢንጂነሩ!