ደብል ጋቢና በግራይንደር

መቐለ፣ አዲ ሐቂ ሰፈራችን ውስጥ አንድ ሰው ሃይሉክሱን ሊያሳጥር ተነስቷል። ሲንግል ጋቢና ናት፤ ካሶኒዋ 2.3 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሊያወርደው ያሰበው ወደ 1.5 ሜትር ነው፤ ደብል ጋቢናዋ ከፋብሪካ ይዛው ወደምትወጣው ልክ መሆኑ ነው። ለምን ሲባል «አጭር ያምራል፤ የድርጅት መኪና ይመስላል» አለ።

ወንድሜ፣ የደብል ጋቢና ካሶኒ ያጠረው ጋቢናው ስለረዘመ ነው! አንተ ከኋላ ብትቆርጥ ከፊት ወንበር አይበቅልልህም።

«ግቢዬም ጠቦኛል፤ በሩ አልዘጋ አለ» ብሎ ጨመረ። ሁለተኛ ምክንያት የሚመጣው የመጀመሪያው ሲያፍር ነው።

ማዶ ቡና የሚቆሉት አደይ ቀበል አድርገው፣ «ታዲያ አጥሩን ገፋ አታደርገውም?» አሉት።

«መሬቱ የመንግሥት ነው፣ አደይ።»

«እና መኪናው ያንተ በመሆኑ ነው የሚቀጣው?»

ይህ ከተማ እኮ ለጭነት ቦታ ሲጨምር የኖረ ከተማ ነው። መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግ ተሳቢና የነዳጅ ቦቴ ሲሠራ የኖረው እዚሁ መቐለ ነው። አገሩም ቢሆን የአይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ቀጥቅጦ፣ ወንበር ደርድሮ፣ «ቅጥቅጥ» ብሎ ሕዝብ ያሳፈረ አገር ነው። በ2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። ሰው ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን በሚጠብቅበት ዘመን ይኸኛው ሜትር ይዞ ዙሪያዋን ይዞራል።

በወጣትነታቸው ጨው የነገዱ አቦይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብዙ ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ የዳሎል ጨው የሚቆረጠው ግመሉ ላይ ልክ እንዲሆን ነው። ግመሉን የቆረጠ ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

ሊቆርጠው የተጠራው በያጅ መጣ። ካሶኒውን ከሻንሲው ጋር የያዙት ብሎኖች ዝገት ስለበላቸው እነሱን ለመፍታት ብቻ ግማሽ ቀን ሄደ። ከዚያ በጠመኔ መስመር ሊያሰምር ጎንበስ ሲል ዋናው ጥያቄ መጣ፤ ከጎማው ፊት ወይስ ከጎማው ኋላ?

«ከፊት ቁረጠው፤ እዚያ ጋቢናው ስለሚሸፍነው አይታይም» አለ ባለቤቱ።

አይታይም። ጎማው ግን ያየዋል። ከፊት ከቆረጥክ በኋላ የቀረውን ወደ ጋቢናው ስታስጠጋ የጎማው ቅስት አብሮ ወደፊት ይሄዳል፤ ጎማው ባለበት ቆሞ ላሜራውን ይበላዋል። ቅስቱና ጎማው ይገናኙ ካልክ ሻንሲውንም መቁረጥ ነው። ሻንሲው ሲያጥር ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ይረዝምብሃል፤ እሱም ይቆረጣል፣ ተቆርጦም ሚዛኑ ካልተስተካከለ መኪናዋን እንደ ወባ ያንዘፈዝፋታል። የፍሬን ቧንቧው አለ፤ የእጅ ፍሬን ገመዱ አለ። አንድ ካሶኒ ልታሳጥር ገብተህ መኪና ልትሠራ ነው። ከኋላ መቁረጥ ይሻላል፣ እሱም የመብራቶቹን ቦታና የኋላውን በር እንደገና መሥራት ይጠይቃል፤ ሻንሲው ደግሞ ከካሶኒው አልፎ እንደ ምላስ ስለሚወጣ ጫፉ አብሮ ይቆረጣል።

«የነዳጅ ታንከሩ ባዶ ነው፤ ብየዳ አያሰጋም» አለ ባለቤቱ ተዝናንቶ።

በያጁ መነጽሩን አወለቀ። «ባዶ ታንከር ጋዝ የሞላበት ነው፣ ጋሼ። እኔ ቤተሰብ አለኝ።» ታንከሩ ወረደ፤ የባትሪው ገመድም ተፈታ። በትግራይ ከበባ ጊዜ ነዳጅ በፕላስቲክ ጠርሙስ እየገዛ የኖረ ሰው ታንከር ባዶ ነው ብሎ ሲዝናና ማየት በራሱ ይገርማል።

«ሊብሬውስ?» አልኩት እኔ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል ነገር አለ፤ ሊብሬህ ላይም የጭነት ልኳ ተጽፏል።

«ለቦሎ ስሄድ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«አጠረች ብዬ።»

«በእጥበት?»

ግራይንደሩ ከኋላ ጀመረ። ብልጭታው አጥር ተሻግሮ የአደይን ስጥ ሊነካ ሲል፣ የቀኙ ጎን አልቆ የግራው ገና ሳይነካ፣ መብራት ሄደ። መብራትም ሽማግሌ ሆና ገባች ማለት ነው። ሃይሉክሷ በአንድ ጎኗ ሲንግል፣ በሌላው ደብል ሆና ቀረች። መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አንዱ ባለ ባጃጅ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ግማሽ ዋጋ ነው የምትጭነው?» ብሎት አለፈ።

መብራት ማታ መጣ፤ ሥራው በማግስቱ አለቀ። አጭር ናት፣ አይካድም። የግቢውም በር ተዘጋለት። እሁድ የአክስቱን አልጋና ቁም ሣጥን ሊያጓጉዝ ሲል ግን አይሱዙ ተከራየ።

«ይህን የተረፈውን ላሜራ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቀ፣ ቁራጩን እያገላበጠ።

አደይ እጃቸውን ዘረጉ። «ወዲህ በለው፣ ለዶሮዎቼ ቤት ይሁነኝ። እነሱ ሊብሬ የሚጠይቃቸው የለም።»